የባዮኢነርጂ ፍጆታ በተለያዩ አገሮች

ባዮኢነርጂ ከዕፅዋት፣ ከእንስሳት ተረፈ ምርትና በቅርብ ጊዜ ሕይወት ከነበራቸው ሌሎች ነገሮች የሚገኝ ኃይል ነው። ማገዶ፣ ከሰል፣ ኩበት፣ የሰብል ተረፈ ምርት፣ ባዮጋዝ፣ ኤታኖልና ባዮዲዝል ሁሉም በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። እነዚህ በአንድነት ሲደመሩ ዓለም ከምትጠቀምበት ኃይል አንድ አሥረኛ ያህሉን ይሸፍናሉ። ከታዳሽ የኃይል ምንጮች መካከልም ትልቁን ድርሻ የያዘው ባዮኢነርጂ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ውሃን፣ ነፋስንና ፀሐይን ይበልጣል።

ድርሻው ከአገር አገር እጅግ ይለያያል። በኢትዮጵያ ከጠቅላላው የኃይል ፍጆታ ከመቶ 90 የሚጠጋው የሚገኘው ከባዮማስ ነው። በብራዚል ከመቶ 30 ገደማ፣ በአሜሪካ ደግሞ ከመቶ 5 ገደማ ሲሆን፣ እንደ ሳውዲ አረቢያ ባሉ ነዳጅ አምራች አገሮች ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ቁጥሩ ብቻውን ግን ሊያሳስት ይችላል። በኢትዮጵያ ገጠር ከጉልቻ ሥር የሚነደው ጭራሮና በስዊድን አንድን ከተማ የሚያሞቀው የእንጨት ፍቅፋቂ በስታቲስቲክስ መዝገብ ላይ የሚሰፍሩት በአንድ ዓምድ ነው። የአንዱ መብዛት የድህነት ምልክት ሲሆን፣ የሌላው መብዛት ደግሞ ሆን ተብሎ የተያዘ ፖሊሲ ውጤት ነው።

በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

ባህላዊና ዘመናዊ ባዮኢነርጂ

እንደ ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ያሉ የኃይል ስታቲስቲክስ የሚያወጡ ድርጅቶች ባዮኢነርጂን በሁለት ይከፍሉታል።

ባህላዊ የሚባለው እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና አገዳ በክፍት እሳት ወይም በቀላል ምድጃ ላይ ለማብሰያና ለማሞቂያ ሲነድ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ሙቀት ውስጥ ድስቱ ዘንድ የሚደርሰው ከመቶ 10 እስከ 15 ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው በየአቅጣጫው ይባክናል፤ ጭሱም ቤት ውስጥ ይቀራል።

ዘመናዊ የሚባለው ደግሞ ባዮማስ ወደ ፈሳሽ ነዳጅ፣ ወደ ጋዝ ወይም ወደ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ፣ እንዲሁም ብክነትና ጭስ በሚቀንስ ማሞቂያ ሲነድ ነው። ከሸንኮራ አገዳና ከበቆሎ የሚጠመቀው ኤታኖል፣ ከፓልም ዘይትና ከአኩሪ አተር የሚሠራው ባዮዲዝል፣ ከእበትና ከቆሻሻ የሚወጣው ባዮጋዝ፣ ከሰጋቱራ ተጠቅጥቆ የሚሠራው የእንጨት እንክብል (ፔሌት) በዚህ ክፍል ይመደባሉ።

ሁለቱን የሚለያቸው የሚነደው ነገር ሳይሆን አነዳዱ ነው። ከአንድ ባሕር ዛፍ የተፈለጠ እንጨት በጉልቻ ላይ ሲነድ ባህላዊ፣ በኃይል ማመንጫ ጣቢያ ሲነድ ግን ዘመናዊ ይባላል።

ፍጆታው እንዴት ይለካል

የአገሮችን ቁጥር ለማወዳደር ሁለት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው የመረጃው አሰባሰብ ነው። ማገዶ አብዛኛውን ጊዜ ከጫካና ከማሳ የሚለቀም እንጂ ከነዳጅ ማደያ የሚገዛ ስላልሆነ ቆጣሪም ደረሰኝም የለውም። አገሮች መጠኑን የሚያውቁት ከጥቂት ቤተሰቦች ናሙና ወስደው፣ ያገኙትን በሕዝብ ቁጥር በማባዛት ነው። ስለዚህ የባህላዊ ባዮማስ አኃዝ ከነዳጅና ከኤሌክትሪክ አኃዝ ይልቅ ወደ ግምት ያደላል።

ሁለተኛው የሚለካው ነገር ምንነት ነው። በመዝገብ የሚሰፍረው እንጨቱ በውስጡ የያዘው ሙቀት ነው እንጂ ድስቱ የደረሰው ሙቀት አይደለም። ለምሳሌ አንድ ቤተሰብ የዕለት ምግቡን ለማብሰል 12 ሜጋጁል ሙቀት ድስቱ ላይ መድረስ አለበት እንበል። ምድጃው ከመቶ 12 ብቻ የሚያደርስ ጉልቻ ከሆነ 100 ሜጋጁል የያዘ እንጨት፣ ማለትም ከ6 እስከ 7 ኪሎ ግራም ደረቅ ማገዶ ያስፈልጋል። ቤተሰቡ ከመቶ 75 በሚያደርስ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቢጠቀም ግን 16 ሜጋጁል፣ ማለትም 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። የተበላው ምግብ ያው ሆኖ ሳለ በመዝገቡ ላይ የኃይል ፍጆታው ከ100 ወደ 16 ወረደ ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት የባህላዊ ባዮኢነርጂ ፍጆታ መቀነስ ሰዎች ያነሰ ኃይል አገኙ ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የኑሮ መሻሻል ምልክት ነው። የከሰል ጉዳይ ደግሞ በተቃራኒው ነው። በከተማ ቤት ውስጥ የሚነደው ከሰል በክብደት ከእንጨት ሁለት እጥፍ ያህል ሙቀት አለው፤ ጭሱም ያነሰ ነው። ነገር ግን በባህላዊ መንገድ አፈር አልብሶ 1 ኪሎ ከሰል ለማክሰል ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይፈጃል። ብክነቱ ከከተማው ቤት ጠፍቶ ወደ ገጠሩ ጫካ ተዛወረ እንጂ አልቀረም።

ዓለም አቀፍ አዝማሚያ

ከ2000 ወዲህ በዓለም ላይ ሁለት የተለያዩ ጉዞዎች ይታያሉ። ዘመናዊ ባዮኢነርጂ በአብዛኛው አኅጉር እያደገ መጥቷል። እድገቱን የገፋው የነዳጅ ዋጋ ብቻ ሳይሆን መንግሥታት ያወጧቸው የግዴታ ሕጎች ናቸው፤ ቤንዚንና ናፍጣ የተወሰነ መቶኛ ባዮፊውል ተቀላቅሎባቸው እንዲሸጡ አዘዋል። ከዓለም የኤታኖል ምርት ከመቶ 80 ያህሉ የአሜሪካና የብራዚል ነው።

ባህላዊው ደግሞ በእስያ እየቀነሰ፣ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ግን እየጨመረ ነው። ዛሬም ከ2 ቢሊዮን በላይ ሰዎች በዋናነት የሚያበስሉት በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ወይም በሌላ ጭስ በሚያበዛ ማገዶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት ጋር በተያያዘ በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል። ጉዳቱ የሚበረታው ምድጃ ዳር በሚውሉት ሴቶችና ሕፃናት ላይ ነው።

በአገሮች

ብራዚል

የብራዚል ታሪክ የሚጀምረው ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ነው። አገሪቱ በዚያን ጊዜ የምትጠቀምበትን ነዳጅ አብዛኛውን ከውጭ ትገዛ ስለነበር ዋጋው ሲያሻቅብ ክፉኛ ተጎዳች። በኅዳር 1975 መንግሥት ፕሮአልኮል የተባለውን ፕሮግራም አቋቁሞ ከሸንኮራ አገዳ ኤታኖል እንዲመረት ማበረታታት ጀመረ። በ1979 በንጹሕ ኤታኖል የሚሄድ ፊያት 147 ለገበያ ቀረበ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽም ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኙ በኤታኖል ብቻ የሚሠሩ ነበሩ።

ጉዞው ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። በ1986 የነዳጅ ዋጋ ወረደ፤ በኋላም የስኳር ዋጋ ሲጨምር ፋብሪካዎች ከኤታኖል ይልቅ ስኳር ማምረትን መረጡ። በ1989 የኤታኖል እጥረት ተከሰተና ባለመኪኖች በነዳጁ ላይ የነበራቸውን እምነት አጡ። ገበያው ያገገመው በ2003 ቤንዚንና ኤታኖልን በፈለጉት መጠን ቀላቅለው የሚጠቀሙበት "ፍሌክስ" መኪና ከቀረበ በኋላ ነው። የዚህ መኪና ባለቤት ማደያ ሲደርስ ዋጋ ያወዳድራል። ኤታኖል በሊትር የሚይዘው ኃይል ከቤንዚን ስለሚያንስ፣ ዋጋው ከቤንዚኑ ከመቶ 70 በታች ከሆነ ኤታኖል፣ ከዚያ ካለፈ ቤንዚን ይቀዳል። የብራዚል የኤታኖል ፍጆታ ከዓመት ዓመት ከፍና ዝቅ የሚለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

በቤንዚን ላይ በግዴታ የሚቀላቀለው ኤታኖል በ2015 ከመቶ 27፣ በነሐሴ 2025 ደግሞ ከመቶ 30 ደርሷል። የስኳር ፋብሪካዎቹ የተጨመቀውን አገዳ (ባጋስ) አንድደው የራሳቸውን ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፤ የተረፈውንም ይሸጣሉ።

አሜሪካ

አሜሪካ በዓለም ቀዳሚዋ የኤታኖል አምራች ስትሆን ጥሬ ዕቃዋ በቆሎ ነው። በ2005 የወጣውና በ2007 የተስፋፋው የታዳሽ ነዳጅ ደንብ ነዳጅ ሻጮች በየዓመቱ የተወሰነ መጠን ባዮፊውል እንዲቀላቅሉ አስገደደ። ምርቱ በ2000 ከነበረበት 6 ቢሊዮን ሊትር ገደማ በ2010 ወደ 50 ቢሊዮን ሊትር አሻቀበ። ከዚያ በኋላ ግን እድገቱ ረገበ። አብዛኛው ቤንዚን ከመቶ 10 ኤታኖል ከያዘ በኋላ፣ የቤንዚን ሽያጭ እስካልጨመረ ወይም የድብልቁ ልክ እስካልተነሣ ድረስ ተጨማሪ ኤታኖል የሚገባበት ቦታ አልነበረም።

ከአገሪቱ የበቆሎ ምርት ከሲሶ በላይ የሚሆነው ወደ ኤታኖል ፋብሪካ ይገባል። ከተጠመቀ በኋላ የሚቀረው አተላ ፕሮቲን ስላለው ለከብት መኖ ይውላል።

አውሮፓ

በአውሮፓ ኅብረት ከታዳሽ ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባዮኢነርጂ ነው፤ አብዛኛው የሚውለውም ለማሞቂያ ነው።

ስዊድን በ1970ዎቹ ቤቶቿን የምታሞቀው በአመዛኙ በነዳጅ ዘይት ነበር። በ1991 የካርቦን ግብር ጣለች፤ ባዮማስን ግን ከግብሩ ነፃ አደረገች። በዚህም ሙቅ ውሃ በቧንቧ ወደ ቤቶች የሚያሰራጩት የከተማ ማሞቂያ ጣቢያዎች ነዳጁን ትተው ወደ እንጨት ፍቅፋቂና ወደ መሰንጠቂያ ቤት ተረፈ ምርት ዞሩ። ዛሬ በአገሪቱ ለተጠቃሚ ከሚደርሰው ኃይል ከሲሶ በላይ የሚሆነው ከባዮማስ ነው። በጎረቤቷ ፊንላንድ ትልቅ ድርሻ ያለው የወረቀት ፋብሪካዎች እንጨት ሲቀቅሉ የሚተርፋቸው ጥቁር ፈሳሽ ነው፤ ፋብሪካዎቹ እዚያው አንድደው ይጠቀሙበታል።

ጀርመን በ2000 ባወጣችው ሕግ ከባዮጋዝ ለሚመነጭ ኤሌክትሪክ የተረጋገጠ ዋጋ ስለሰጠች ገበሬዎች ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ ጣቢያዎች ገነቡ። ብዙዎቹ የሚመገቡት በቆሎ ስለነበር "እርሻው ለጋዝ ሆነ" የሚል ተቃውሞ ተነሣ፤ ከ2014 ማሻሻያ በኋላም ግንባታው ተቀዛቀዘ። በብሪታንያ ደግሞ ዮርክሻየር የሚገኘው ድራክስ የተባለ ግዙፍ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ወደ እንጨት እንክብል ተለወጠ። እንክብሉ በመርከብ የሚመጣው በአብዛኛው ከአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች ነው።

ቻይና

በቻይና ባህላዊ ባዮማስ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ በከፍተኛ ደረጃ ቀንሷል። ከ1982 ጀምሮ በተካሄደው አገር አቀፍ የተሻሻለ ምድጃ ፕሮግራም በአሥር ዓመት ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የገጠር ቤተሰቦች አዲስ ምድጃ አገኙ። ቀጥሎም የቤተሰብ ባዮጋዝ ጉድጓዶች ተስፋፍተው በ2010ዎቹ ወደ 40 ሚሊዮን ደረሱ። ብዙዎቹ ግን በኋላ ሥራ አቆሙ። ወጣቶች ወደ ከተማ ፈለሱ፤ በየቤቱ አሳማ ማርባት ቀረ፤ ጉድጓዱን የሚመግብ እበት ጠፋ፤ ቡታጋዝና ኤሌክትሪክም ገቡ። የባዮጋዝ ቁጥር መውረዱ እዚህ ላይ የቴክኖሎጂው ውድቀት ብቻ ሳይሆን የአኗኗር ለውጥም ውጤት ነው።

ህንድ

ህንድ በግንቦት 2016 ኡጅዋላ የተባለውን ፕሮግራም ጀምራ ለድሃ ቤተሰቦች በእናወራዎች ስም የቡታጋዝ ምድጃና ሲሊንደር ማደል ያዘች። እስከ 2019 ድረስ 80 ሚሊዮን ቤተሰቦች ተዳርሰዋል። ሲሊንደሩ ቤት መግባቱ ግን ማገዶን ፈጽሞ አላስቀረም። መሙያው ሲወደድ ብዙዎች ወደ እንጨትና ወደ ኩበት ይመለሳሉ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚጠቀሙም አሉ። በሌላ በኩል ህንድ በ2014 ከመቶ 2 የማይሞላውን የኤታኖል ድብልቅ በ2025 ወደ ከመቶ 20 አድርሳለች። በአንድ አገር ውስጥ ባህላዊው ሲቀንስና ዘመናዊው ሲያድግ ጎን ለጎን ማየት የሚቻለው እዚህ ነው።

ኢንዶኔዥያ

ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይቷን ወደ ናፍጣ ትቀላቅላለች። ድብልቁ በ2020 ከመቶ 30፣ በ2023 ከመቶ 35፣ በ2025 ደግሞ ከመቶ 40 ሆኗል። ይህ ከውጭ የሚገዛውን ናፍጣ ቀንሶላታል፤ የፓልም እርሻ መስፋፋት ግን ደን ከመመንጠርና ረግረጋማ መሬትን ከማድረቅ ጋር ተያይዞ ይወቀሳል። በማእድ ቤት በኩል በ2007 የተጀመረው ነጭ ጋዝን በቡታጋዝ የመተካት ዘመቻ የማገዶ ተጠቃሚውንም ቁጥር ለመቀነስ ረድቷል።

ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ

በዚህ አካባቢ በንጹሕ ምድጃ የሚያበስሉ ሰዎች ቁጥር ቢጨምርም የሕዝቡ ቁጥር ከዚያ በበለጠ ፍጥነት ያድጋል። ስለዚህ በመቶኛ ሲታይ ማገዶ ተጠቃሚው ቢቀንስም በሰው ቁጥር ሲታይ ይጨምራል። ከተሞች ሲሰፉ ደግሞ እንጨት በከሰል ይተካል፤ ከላይ በተገለጸው የአከሳሰል ብክነት ምክንያትም በጫካው ላይ ያለው ጫና ይብሳል። ዘመናዊ ባዮኢነርጂ በአፍሪካ አዲስ አይደለም። ማላዊ ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የሚጠመቅ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል የጀመረችው በ1982 ነው።

ኢትዮጵያ

የማገዶ እጥረት በኢትዮጵያ የቆየ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ ያለው ደን በማገዶና በቤት መሥሪያ ተመናምኖ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1890ዎቹ፣ ከአውስትራሊያ የተገኘው ባሕር ዛፍ ወደ አገር መግባቱ ለከተማዋ ችግር መፍትሔ ሆነ። ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች የዚህ ታሪክ አካል ናቸው። ዛሬ ባሕር ዛፍ ገበሬው ተክሎ የሚሸጠው ሰብል በመሆኑ የሚነደው እንጨት ሁሉ ከተፈጥሮ ደን የተቆረጠ አይደለም።

ዛፍ በተመናመነባቸው ደጋማ አካባቢዎች ኩበትና የእህል አገዳ ይነዳሉ። ኩበት በነደደ ቁጥር ለማሳው ሊሆን የሚገባው ፍግ አመድ ይሆናል። ስለዚህ የማገዶ ጥያቄ የአፈር ለምነትና የእህል ምርት ጥያቄም ነው።

ከቤት ውስጥ ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። በዚህ ምክንያት በ1990ዎቹ የተሠራውና ምርጥ ምጣድ የሚባለው በአሸዋና በሲሚንቶ የሚቀረጽ ምድጃ ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ለከሰል ደግሞ ላቀች የተባለው ምድጃ ተስፋፍቷል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከተማ ውስጥ ቢለመድም እስከ 3.5 ኪሎዋት ስለሚስብ ደካማ መስመር ባለበት ቦታ አይሠራም፤ መብራት የገባለት ቤተሰብም በማገዶ መጋገሩን ይቀጥላል። በዚህ የተነሣ ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውሃ የምታመነጨው ኢትዮጵያ በማእድ ቤት ግን አሁንም በባዮማስ ላይ ቆማለች።

ዘመናዊ ባዮኢነርጂን ለማስፋፋት የተደረጉ ሙከራዎች አሉ። በ2007 የባዮፊውል ስትራቴጂ ወጣ፤ በ2008 የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል ከመቶ 5 እየተቀላቀለ በአዲስ አበባ መሸጥ ጀመረ፤ በ2011 ወደ ከመቶ 10 ከፍ አለ። በዚያው ወቅት ለባዮዲዝል ታስበው የተጀመሩ የጃትሮፋና የጉሎ እርሻዎች ግን አብዛኞቹ አልተሳኩም። በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ከብት ላላቸው ቤተሰቦች ጉድጓድ እያስገነባ ነው፤ ከጋዙ ሌላ የሚወጣው ዝቃጭ ለማዳበሪያ ስለሚሆን እበቱ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል። ጉድጓዱ በየቀኑ ውሃና እበት ስለሚፈልግ ውሃ በራቀበት ቦታ አያዋጣም። በአዲስ አበባ ቆሼ አጠገብ የተሠራው የረጲ ማመንጫ በ2018 ተመርቆ የከተማዋን ደረቅ ቆሻሻ አንድዶ ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ ታስቧል። መንግሥት በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ደግሞ ኢትዮጵያ በመጓጓዣው በኩል ከብራዚል ይልቅ የኤሌክትሪክን መንገድ እንደመረጠች ያሳያል።

ክርክሮች

የመጀመሪያው ክርክር የምግብና የነዳጅ ሽሚያ ነው። በ2007 እና 2008 የእህል ዋጋ በዓለም ገበያ ሲያሻቅብ የበቆሎ ኤታኖል ከምክንያቶቹ አንዱ ተደርጎ ተቆጥሯል። ምን ያህሉን እንዳባባሰ ግን ተመራማሪዎች አይስማሙም።

ሁለተኛው የካርቦን ስሌት ነው። ደጋፊዎች ዛፉ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያድግ ከአየር የወሰደው ነው ይላሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ ዛፍ ለመንደድ ሰዓታት፣ ተተክሎ ለማደግ ግን አሥርተ ዓመታት እንደሚወስድ ያስታውሳሉ። ለባዮፊውል የተወሰደ እርሻ ሌላ ቦታ ደን እንዲመነጠር ሊያደርግ መቻሉም ይታያል። የአውሮፓ ኅብረት ለዚህ ሥጋት የተጋለጡ ባዮፊውሎችን እስከ 2030 ድረስ ከታዳሽ ግቡ ቀስ በቀስ ለማስወጣት ወስኗል፤ በዋናነት የሚነካውም የፓልም ዘይትን ነው።

የወደፊት አቅጣጫ

የመንገድ ተሽከርካሪዎች ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞሩ የባዮፊውል ፍላጎት ኤሌክትሪክ ወደማይመቸው ዘርፍ፣ በተለይም ወደ አውሮፕላን እየሄደ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት በአየር ማረፊያዎች የሚቀርበው ነዳጅ ከ2025 ጀምሮ ከመቶ 2፣ ከ2030 ጀምሮ ከመቶ 6 ዘላቂ የአቪዬሽን ነዳጅ መያዝ አለበት። በመስከረም 2023 ኒው ዴልሂ ላይ በቡድን 20 ጉባኤ ህንድ፣ ብራዚልና አሜሪካ የሚገኙበት ዓለም አቀፍ የባዮፊውል ኅብረት ተመሥርቷል።

በሌላው ወገን፣ በግንቦት 2024 ፓሪስ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ንጹሕ የማብሰያ ጉባኤ መንግሥታትና ኩባንያዎች 2.2 ቢሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገብተዋል። የዚህ ጥረት ስኬት የሚለካው በባዮኢነርጂ ፍጆታ መጨመር አይደለም። በጉልቻ ላይ የሚነደው እንጨት ሲቀንስ አገሮቹ በሰንጠረዡ ላይ ያላቸው የባዮኢነርጂ ድርሻ ይወርዳል፤ ሴቶች ለቀማ የሚያጠፉት ጊዜና ቤት ውስጥ የሚተነፍሱት ጭስም አብሮ ይቀንሳል።